እንቅልፍ ያጡት እንግዶቼ

ማክሰኞ

ቀጮ ልትመጣ ነው፣ ከነባሏ! ምሳ ሰዓት ላይ ደወለች። ከማሽኑ ጩኸት ሸሽቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነው ያናገርኳት። «መምህሩ ስብሰባ ተጠርቷል፤ ከናንተ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው አሉን። እኔንም ይዞኝ ይመጣል። አንቺ ጋ ነው የምናርፈው» አለች። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። አብሮ አደጌ ናት፤ አጥራችን አንድ ነበር። ቀጮ ያልኳትም እኔ ነኝ። ያኔ እውነትም ቀጭን ነበረች፤ አሁን በር ላይ ስትደርስ በሩ ራሱ ፈቀቅ ይልላታል።

የት ላስተኛቸው የሚለው የመጣብኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ያለኝ አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሶፋ ነው። አልጋውን እለቅላቸዋለሁ። ለሁለት ሳምንት ሶፋ ላይ የተኛ ሰው አይሰበርም።

ዛሬም እትዬን አላገኘኋትም። ሚጡ አነሳችና «እማዬ ተኝታለች አክስቴ» አለችኝ። እትዬ ታላቄ ናት፤ እናታችን ስትሞት እሷ ናት እናት የሆነችኝ። ሚጡ ደግሞ አንድ ልጇ። እትዬን ጉሮሮዋ እስኪሽር ሐኪም እንዳትናገር ከልክሏታል። እኔ በዓመት ፈቃዴ ልሄድ ስል «አሁን አትምጪ፣ ሻል ብሏታል፤ ብርዱ ሲያልፍ ትመጫለሽ» ያሉኝ እነ ሚጡ ናቸው። ፈቃዴን እንደ ዓይን ብሌን እየጠበቅኩት ነው። አንድ ቀንም አልነካሁበትም።

ሐሙስ

ቤት ማጽዳት። አንሶላ መግዛት። ቀኑን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ የምውል ሴት፣ ለእንግዳ የሚሆን አንሶላ ከቤቴ ጠፋ። ይታያችሁ! ለማን ነው «ይታያችሁ» የምለው?

ቅዳሜ ማታ

መጡ።

ቀጮ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንገቴን አንቃ አልለቅ አለችኝ። ሰው እስኪያየን ተንሰቀሰቀች። «በቃሽ እንጂ፣ ሙሽራ የምትሸኚ መሰልሽ» አልኳት። መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ሻንጣ ይዟል። ጺሙን አሳድጓል። በየቀኑ የሚላጭ፣ ጠመኔ የነካው ኮት እንኳ የማይለብስ ሰው! «ምነው መምህር፣ ልትመንን ነው?» ስለው «ምላጭ ጠፋ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ብቻዬን ነበር የሳቅኩት።

ባቡር ውስጥ ሁለቱም ራሳቸውን ወንበሩ ላይ ደገፉ። በረራው ረጅም ነው፣ ደክሟቸዋል። እትዬን አየሻት ወይ ብዬ ቀጮን ጠየቅኳት። «አየኋት» አለች፤ ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ ዞረች።

እሁድ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የወጥ ቤቱ መብራት በራ። የኛ ሌሊት ለነሱ ቀን ነው። በጣታቸው እየተራመዱ የውሃ ማፍያውን ሊያፈሉ ይታገላሉ፤ ቀስ ባሉ ቁጥር ይብስ ይንጫጫል። «ቀሰቀስንሽ?» «ኧረ እኔም ነቅቼ ነበር!» ብዬ ተነሳሁ። ይቺ የመጀመሪያዋ ውሸት ናት። ሻይ አፈላሁ፤ እንቁላል ጠበስኩ። እንግዳ ነቅቶ እንዴት ይተኛል? እነሱም «እኛ አልራበንም፣ አንቺ ብዪ» ይሉኛል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሦስት ሰው ተቀምጦ «ብዪ»፣ «ብሉ» ሲባባል አደረ።

ምሳ ሰርቼ ሳቀርብ ደግሞ ሁለቱም ተኝተዋል። ምሳውን ብቻዬን በላሁ።

ሰኞ

ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሥራ። ወገቤ። ዓይኔ። ማታ እጽፋለሁ።

ማታ። አልቻልኩም።

ረቡዕ

ዛሬ ትልቁ ካውያ አንሶላ በላብን። ይሄ ካውያ እንደ በርሜል የሚሽከረከር ነው፤ አንሶላውን ሁለት ሆነን ከሁለት ጫፍ ወጥረን እናጎርሰዋለን። እኔ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ መሰለኝ፣ የኔን ጫፍ ለቀቅኩት። ተጠምልሎ ገባ፣ ጨሰ፣ ማሽኑ ቆመ። የማሽን ጓደኛዬ ለአለቃችን «የኔ ጥፋት ነው» አለችልኝ፤ ደግ ሴት ናት። አለቃችን ግን ሞኝ አይደለችም። «ፈቃድ አለሽ፣ ለምን አትወስጂም?» አለችኝ። «ለእህቴ ያስቀመጥኩት ነው» አልኳት።

ቤት ስገባ ቀጮ ምግብ ሠርታ፣ ቤቱን ወልውላ፣ ልብሴን ሳይቀር አጥፋ ጠበቀችኝ። እግርሽን ልጠብሽ አለችኝ፣ እውነቴን ነው! «አንቺ ሰው፣ እንግዳዋ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» ብዬ ጮህኩባት። ሰሃኔን በሞላች ቁጥር ዓይኗን ከእጄ አትነቅልም። እስክጨርስ ጠበቀች። የታመመ ልጅ የምታበላ ይመስል።

«እረፍትሽ መቼ ነው?» አለ መምህሩ። ሦስተኛ ጊዜው ነው። እሁድ አልኩት። እርስ በርስ ተያዩ። ከተማውን ማየት ፈልገዋል፣ አፍ አውጥተው አይናገሩም እንጂ።

ሐሙስ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት

ግድግዳው ወረቀት ነው። ሌሊት ሲያንሾካሹኩ ሰማኋቸው። እሱ፦ «ቀን በጨመረ ቁጥር ይብሳል።» እሷ፦ «መጀመሪያ ትንሽ ትኑር እስቲ፣ ትንሽ እህል ትቅመስ፣ ፊቷን አላየህም?» እሱ፦ «እሁድ ሰው ሰብስበን ነው የሚሻለው።» ከዚያ እሷ አለቀሰች።

ነገሩ ገብቶኛል። ቀን ሊጨምሩ ፈልገው እኔን መጠየቅ አፍረዋል። ሌላ ምን ይሆናል?

ዓርብ

ሚጡ፦ «ተኝታለች አክስቴ።» በላች ወይ? «በላች።» ምን በላች? «እ… ሾርባ» አለች። ደህና ናት። ሾርባ ከበላች ደህና ናት።

ጋሽ ሹፌር ደወሉልኝ። ታክሲ ይነዳሉ፤ እዚህ ላለነው ያገራችን ሰዎች የሠርጉም የክርስትናውም አባት እሳቸው ናቸው። በዓመት አንዴ ቢደውሉ ነው። «እሁድ ጠዋት ቤት ነሽ ልጄ?» አሉ። «የለሁም ጋሼ፣ እንግዶቼን ላዞር ነው። ምነው፣ በደህና?» «በደህና፣ በደህና። እንዲያው ልንጠይቅሽ ብለን ነው።» ልንጠይቅሽ? እነማን?

ሰው ሁሉ የኔ እረፍት ምን አገባው!

እሁድ ማታ

አዞርኳቸው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አስወጥቼ ማታ ነው የመለስኳቸው። ገበያ፣ ሙዚየም፣ ድልድይ፣ ሐይቅ፣ ደግሞ ሌላ ገበያ። መምህሩ ሙዚየሙ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ አንቀላፋ፤ ጥበቃው ቀስቅሶ አስወጣን። እየጎተትኩ ወሰድኳቸው። ለነሱ ብዬ ነው። ስንት አገር አቋርጦ የመጣ ሰው የኔን ሶፋ አይቶ ይመለስ?

ሐይቁ ዳር ቀጮ እጄን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነው። «ስሚኝማ፣ እትዬ…» አለች። እኔም አፏ ላይ ቀደምኳት። «እትዬ ውሃ አትወድም! ታስታውሻለሽ፣ ወንዙን ስንሻገር ሁለታችንንም በአንድ ነጠላ አስራ፣ እሷ በፍርሃት ዓይኗን ጨፍና?» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ስለ አስተማሪያችን፣ ስለ በሬያችን፣ የማላወራው አልነበረም። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አወራሁ። ቀጮ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። «አውቶቡሱ መጣ፣ ተነሱ!» አልኳቸው። የመጣው የኛ አውቶቡስ አልነበረም። ገባንበት።

ለምን እንደዚያ ለፈለፍኩ? እንጃ። ደክሞኝ ነበር። ሲደክመኝ አፌ አይዘጋም።

ማክሰኞ

መምህሩ ስብሰባው ሄዶ ተመለሰ። ቀጮ ቲኬታቸውን በሳምንት እንዳራዘሙ ነገረችኝ። «ካላስቸገርንሽ።» «ምን ማለትሽ ነው! ቤታችሁ አይደለም እንዴ! ወርም ቆዩ!» ምላሴን ይቁረጠው። ወር! አንገቴ ወደ ግራ መዞር ካቆመ ቆይቷል። ማን እንደሆነ እንጃ፣ ሌሊት ሌሊት አንድ ሰው ሲያለቅስ እሰማለሁ፤ ጠዋት ሁላችንም «እንዴት አደራችሁ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» እንባባላለን።

የሰዓት ልዩነት ያመጣው እንቅልፍ ማጣት አሥር ቀን ይቆያል? አለቃችን ሦስት አራት ቀን ነው አለች። እነሱ ግን ጭራሽ ብሶባቸዋል። መምህሩ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ቀጮ ቀሚሷ ሰፍቷት ነው የመጣችው፤ አሁን ይባስ እየሰፋት ሄዷል። ስምሽ እውነት ሊሆንልሽ ነው አልኳት። አልሳቀችም።

ሐሙስ

ፎጣ ስፈልግ ሻንጣቸውን ከፈትኩ። ከላይ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ነጠላ። አዲስ፣ ከነመጠቅለያው። በኔ ልክ ነው፤ ቀጮን እንደማይገባት ዓይን ያለው ያያል።

ዘጋሁት። ፎጣውን ሌላ ቦታ አገኘሁት።

አለቃችንን ለእሁድ ትርፍ ሥራ እንዳለ ጠየቅኳት። «አንቺ እንኳን ትርፍ ሰዓት፣ መደበኛውም በዝቶብሻል» አለችኝ። ለመንኳት። ጻፈችልኝ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።

ዓርብ

ዛሬ ለሚጡ ሁለቴ ደወልኩ። ሁለቴም «ተኝታለች» አለች። ሁለተኛው ላይ «ስትነቃ ሳሚልኝ» አልኳት። «እሺ» አለች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ነገረኛ አይደለችም።

ለቀጮ እሁድ እንደምሠራ ነገርኳት። በቁሟ ነጣች። «በእሁድ?» «ምን ላድርግ፣ አለቃዬ አስገደደችኝ» አልኳት። ስንተኛዋ ውሸቴ ናት? መምህሩ ስልኩን ይዞ ደረጃ ላይ ወጣ። «ጋሼ» ሲል ሰማሁት። ጋሽ ሹፌርን መቼ ተዋወቃቸው?

አልጠየቅኩም። ሰው ራሱን ካልጠየቀ ሌላውን ለምን ይጠይቃል? ሥራ ላይ ዛሬ አንድ ሙሉ ጋሪ የትራስ ልብስ ከቀዶ ሕክምና ጨርቅ ጋር ደባልቄ ሰደድኩ። ተመለሰልን። እንዲህ ዓይነት ሴት ነኝ እንግዲህ።

እሁድ ነበር። የምጽፈው ማክሰኞ ነው።

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ገና አልነጋም ነበር። የሥራ ልብሴን ለብሼ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ እንግዶቼን እንዳልቀሰቅስ በጣቴ ወደ በሩ ሄድኩ። ስከፍተው ደረጃው ላይ ሰዎች ቆመዋል። ጋሽ ሹፌር፣ ባለቤታቸው፣ ሱቅ ያላት ልጅ፣ ነርስ የሆነው ያገራችን ልጅ፣ ሌሎችም። ማን ቀድሞ ይግባ እየተባባሉ ነበር መሰለኝ፤ ድንገት ስከፍትባቸው ሁሉም ደነገጡ። ማንም ሰላም አላለኝም። ያልተላጩ፣ ያላበጠሩ፣ ኩል የሌለው ዓይን ሁሉ እኔን ያየኛል።

«እንዴት አደራችሁ፣ ግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው» አልኩ።

ገቡ። ወንበር አልበቃ አለ። እኔ ወንበር እፈልጋለሁ። የልብስ ቅርጫቱን ገለበጥኩት፤ ነርሱ ተቀመጠበት። ሻይ ልጣድ ብዬ ወደ ወጥ ቤት ስሄድ የጋሽ ሹፌር ባለቤት መንገዱን ዘግታ ቆመች። ቀጮና መምህሩ ከመኝታ ቤት ወጡ። አልተኙም ነበር፤ ለብሰዋል። ቀጮ ያን ነጠላ ይዛለች።

ጋሽ ሹፌር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ልጄ፣ ሰው ሆኖ ለዚህ ያልተፈጠረ የለም…»

«ይቆዩ ጋሼ» አልኳቸው። የሳቸው ቃል ከሆነ አልችለውም ነበር። ቀጮን አየኋት። ነጠላውን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ይህን ሁሉ ቀን አፏ ውስጥ ይዛው የዞረችው ነገር አነቃት። አሳዘነችኝ። እስከ ዛሬ እንደዚያች ሰዓት ሰው አሳዝኖኝ አያውቅም። እኔው ጠየቅኳት፦

«አርባዋ መቼ ነው?»

«አውጥተን ነው የመጣነው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም። ከታች ያሉት ጎረቤቶች በር ደበደቡ፣ ነርሱ ወርዶ ነገራቸው፣ ዝም አሉ። ወለሉ ላይ ወድቄ ነበር አሉኝ። «እናቴ! እናቴ!» እያልኩ ነበር አሉኝ። እውነት ነው፣ እናቴ ናት።

ማክሰኞ፣ ቀጥሎ

አውቅ ነበር። የመምህሩን ጺም እንዳየሁ አውቄያለሁ። ባቡሩ ውስጥ ቀጮ ፊቷን ስታዞር አውቄያለሁ። ቀሚሱንም አውቄዋለሁ። ግን አልተነገረኝም፤ ካልተነገረኝ ደግሞ አልሞተችም። እንግዳ ያለበት ቤት መርዶ አይገባም ብዬ ይሆን? ሻይ ሳፈላ፣ አልጋ ሳነጥፍ፣ ሐይቅ ሳሳይ፣ እትዬ አንድ ቀን፣ ደግሞ አንድ ቀን እየኖረች መስሎኝ ነበር። እነሱንም ገደልኳቸው። መርዷቸውን ተሸክመው መጡ፣ ማውረጃ ከለከልኳቸው።

«ለምን በስልክ አልነገራችሁኝም?» ብዬ ጮህኩባት ቀጮ ላይ። «ብቻሽን በሆንሽበት? ማን ይይዝሻል?» አለችኝ። «እኔንም እኮ እሷ ናት ያሳደገችኝ። አንቺ ፊት ላለማልቀስ ስንት ጊዜ መጸዳጃ ቤት ገባሁ!» እንደገና ተያይዘን አለቀስን።

እሷና ባሏ እሁድ ሰዉ ከወጣ በኋላ እስከ ሰኞ ቀትር ተኙ። ሬሳ ሆነው። በሩን ገርበብ አድርጌ ትንፋሻቸውን አዳመጥኩ።

ረቡዕ

አለቃችን መጣች፣ ቤቴ ድረስ። ፈቃዴን ከፈለግኩበት ቀን ጀምሮ እንድወስድ ልትነግረኝ። «ለእህትሽ ያስቀመጥሽው አይደል?» አለች። በቋንቋቸው እንዲህ ያለ ነገር ሲባል ለካ እንደኛው ያማል። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አልኳት።

ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል። ሁሉም «ለሚጡ ደወልሽላት?» ይለኛል። አልደወልኩም። አልደውልም! ሾርባ በላች ያለችኝ እሷ አይደለችም? ሳሚልኝ ስላት እሺ ያለችኝ? እንዴት አንድ ሕፃን ልጅ ይህን ያህል ቀን ዓይኗን በጨው አጥባ ትዋሸኛለች?

«ሕፃን አይደለችም፤ ደግሞ እኛ ነን ያስገደድናት» አለች ቀጮ። «ልጅቷን እንዳትቆጫት።»

ቅዳሜ

ሸኘኋቸው። መምህሩ ጺሙን ሊላጭ ነበር፣ «እኔ እዚያ እስክደርስ ተወው» አልኩት፤ ተወው። ቀጮ መግቢያው ላይ ቆማ «እንግዲህ ጥሩ እንግዳ አልነበርንም» አለችኝ። «እኔም ጥሩ አስተናጋጅ አልነበርኩም» አልኳት። ሁለታችንም እየሳቅን አለቀስን፤ የቆሙት ሰዎች ግራ ገባቸው።

ቤቱ ባዶ ነው። አልጋዬ ተመለሰልኝ። ሶፋው ላይ ነኝ።

እሁድ

ደወልኩላት።

ሁለቴ ጠርቶ አነሳች። «አክስቴ» አለች። ልቆጣት ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። አንድ ነገር ብቻ መጣብኝ፦ ያቺ ልጅ እናቷ ሞታባት፣ ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶ፣ እኔ በየቀኑ እየደወልኩ «እትዬስ? ምን በላች?» እላት ነበር። እንባዋን ጠርጋ፣ ድምፅዋን አስተካክላ ነበር የምትመልስልኝ። ስንት ቀን! ለኔ የተደበቀው ለሷ አልተደበቀላትም።

«ይቅር በዪኝ ሚጡዬ፣ አሰቃየሁሽ» አልኳት። «ስልኩ በጮኸ ቁጥር…»

«አይደለም አክስቴ» አለች። «ስትደውዪ ደስ ይለኝ ነበር። ተኝታለች ስልሽ፣ እስክንዘጋ ድረስ የተኛች ይመስለኝ ነበር። ጎረቤቶቹን ሁሉ ዝም በሉ እላቸው ነበር፣ እንዳይቀሰቅሷት።»

አለቀስን። ብዙ አለቀስን።

ሊቋረጥ ሲል «አሁንስ ትደውዪልኛለሽ?» አለችኝ። በየቀኑ፣ በዚያው ሰዓት፣ እስክመጣ ድረስ አልኳት።